ጆሮ ያለው ይስማው!

እናንተ ሰዎች፣ «ጁሊየስ ቄሳር»ን አንብቡ! ሌላ ሥራ ካላችሁ ለነገ አሳድሩት። ዊልያም ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1599 የጻፈው አሳዛኝ ተውኔት ነው፤ ዕድሜው ከአራት መቶ ዓመት አልፏል። ሳነበው ግን የትናንት ማታን ወሬ የማዳምጥ መሰለኝ። ልቤ እየመታ፣ አንዳንዱን ቦታ ብድግ ብዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጨረስኩት። ከጨረስኩም በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተኝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ «ይህን ሳታነብ እንዳትውል» ማለት ያዝኩ። ይኸው ዛሬ ደግሞ የእናንተ ተራ ነው።

ቄሳር በገዛ ወዳጆቹ ጩቤ መውደቁን የማያውቅ የለም። ታሪኩን ከትምህርት ቤት ጀምረን ሰምተነዋል። ተውኔቱ የሚሰጠው ግን ሌላ ነው። ቅን ሰው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት እንዴት እንደሚጠመድ፣ አንድ ተናጋሪ ባዶ እጁን ወጥቶ ከተማ እንዴት እንደሚያነድ፣ ጠዋት «ይበል!» ያለ ሕዝብ ከሰዓት በኋላ «ይገደል!» ለማለት ምን ያህል እንደሚፈጅበት ዐይናችን እያየ ያሳየናል። የተውኔቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ማን ነው ብትሉኝ፣ ጆሮ ነው እላለሁ። ማን ምን ሰማ? ከማን ሰማ? ሰምቶስ ምን አደረገ? ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ሰው የሚገድለውም የሚሞተውም በሰማው ነገር ነው።

ብዙውን ክፍል ያነበብኩት እንጦጦ ማርያም አጠገብ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ለዚህ ተውኔት ከዚህ የተሻለ የንባብ ቦታ አላውቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ ተራራ፣ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጭነዋል። በግቢው ያለው ቤተ መዘክርም የዚያን ዘመን አልባሳትና ንዋያት ጠብቆ ይዟል። እዚህ የተቀመጠ ሰው ስለ ዘውድ ለማሰብ ብዙ አይቸገርም። በእኛ ዘንድ ዘውድ ከቅብዐ ቅዱስ ጋር የሚመጣ፣ የጫነውን ሰው ሥዩመ እግዚአብሔር የሚያሰኝ ክብር ነበር።

ይህን ስሜት እንደያዛችሁ ወደ ሮም ግቡ! ሮማውያን የመጨረሻ ንጉሣቸውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 አባርረው፣ ከዚያ ወዲያ «ንጉሥ» የሚለውን ስም እንደ እርግማን የሚቆጥሩ ሕዝቦች ናቸው። ታዲያ በበዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ማርክ አንቶኒ ለቄሳር ዘውድ ያቀርብለታል። ቄሳር ይገፋዋል። ይቀርብለታል፣ ይገፋዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ይቀርብለታል፣ አሁንም ይገፋዋል። ነገሩን ያየው ካስካ እንደሚተርከው ከሆነ፣ በየጊዜው ሲገፋው ጣቶቹ ከዘውዱ ላይ ለመነሣት እየከበዳቸው ነው። ሕዝቡም ዘውዱን በገፋ ቁጥር በጩኸት ሰማይ ምድሩን ያናውጣል። ለእኛ የክብር ሁሉ ጫፍ የነበረው ነገር እዚያ የአንድን ሰው ሞት ያስፈርዳል። ዘውድ ከጫነ ሕዝብ የመጣ አንባቢ ይህን ተውኔት ከማንም በላይ የሚያጣጥመው ለዚህ ነው፤ በሁለቱም በኩል ያለውን ፍርሃት ያውቀዋል።

ይህን የመሰለ ትዕይንት ግን ሼክስፒር መድረክ ላይ አያወጣውም! የምናየው ብሩተስና ካሲየስ ገለል ብለው ቆመው ሲነጋገሩ ነው። ከሩቅ ጩኸት ይሰማል። ብሩተስ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ሕዝቡ ቄሳርን ሊያነግሠው ነው ብሎ ይሰጋል። እንደገና ጩኸት ይሰማል። እኛም ከእነሱ ጋር ጆሮአችንን አቁመን «ምን ሆነ? ተቀበለው ይሆን?» እንላለን። የሰው ልብ ውስጥ ሴራ የሚዘራው ያ ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ቄሳር ራሱን ተመልከቱት። በስሙ በተጠራው ተውኔት ውስጥ በሕይወት የሚታየው በሦስት ትዕይንት ብቻ ነው። ዓለምን ያንቀጠቀጠው ይህ ጀግና አንቶኒን ሹክ ሲለው «በቀኜ በኩል ና፣ ይኸኛው ጆሮዬ አይሰማም» ይለዋል። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ቶማስ ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ1579 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው የፕሉታርክ መጽሐፍ ነው፤ የጆሮው ነገር ግን ከፕሉታርክ የመጣ አይደለም፣ ከራሱ የጨመረው ነው። በዚያው ትዕይንት ቀደም ብሎ አንድ ጠንቋይ ከሕዝቡ መካከል ተጣርቶ የመጋቢትን ቀን ተጠንቀቅ ብሎት ነበር። ቄሳር ሰውዬውን አስቀርቦ አይቶ፣ ሕልመኛ ነው ብሎ አልፎታል። የሰማውን ያልሰማ ሰው!

ቀጥሎ ካሲየስ ብሩተስን የሚያጠምድበት መንገድ አለ። ብሩተስ ቄሳርን ይወደዋል፤ ቂም የለበትም። ካሲየስ ይህን ያውቃል። ስለዚህ የተለያዩ ሰዎች የጻፉት እንዲመስል የእጅ ጽሑፉን እየለዋወጠ ደብዳቤ ያዘጋጅና በብሩተስ መስኮት ያስወረውራል። ይዘቱ በአጭሩ «ብሩተስ ሆይ፣ ተኝተሃል፤ ንቃ» የሚል ነው። ብሩተስ በሌሊት ያነበውና ሮም ራሷ የተናገረችው ይመስለዋል። የሕዝብ ድምፅ ነው ብሎ የሰማው የአንድ ምቀኛ ሰው የእጅ ሥራ ነው! በየስልካችን ምንጩ የማይታወቅ ጽሑፍ በየደቂቃው በሚገባበት በዚህ ዘመን ይህን ትዕይንት አንብቦ የማይደነግጥ ካለ እሱ እንጨት ነው። ብሩተስ ያችን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ቄሳር እስካሁን የበደለው ነገር እንደሌለ ያምናል። የሚፈራው ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል የሚለውን ነው። ገና ባልተሠራ በደል ሰው ይገደላል? ሼክስፒር መልሱን አይነግረንም፤ ጥያቄውን እጃችን ላይ ትቶልን ይሄዳል።

በዚችው ሌሊት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ሴረኞቹ ፊታቸውን ሸፍነው የብሩተስ አትክልት ቦታ ይገባሉ። ካሲየስ ብሩተስን ገለል አድርጎ በጆሮው ሲያንሾካሹክ የቀሩት ምን የሚያወሩ ይመስላችኋል? ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ይከራከራሉ! ካስካ ሰይፉን መዞ ወደ ምሥራቅ እየጠቆመ በዚህ ወር ፀሐይ ከደቡብ ዘንበል ብላ እንደምትወጣ ያስረዳል። ሊነጋ ሲል ሰው ሊገድሉ የተሰበሰቡ ሰዎች ስለ ንጋት ሲጨቃጨቁ መስማት አጥንት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው ታላቅ ጸሐፊ ብቻ ነው።

የመጋቢትን ቀን ካነሣሁ ዘንድ ደስታዬን በእጥፍ ያደረገውን ነገር ልንገራችሁ። ቄሳር የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44፣ በሮማውያን አቆጣጠር መጋቢት 15 ነው። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሮምን የዘመን ቀመር አስተካክሎ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር ያደረገው እሱ ነው። ይህን በስሙ የዩልዮስ ቀመር የተባለውን ይዘን ወደ እኛ ብንመልሰው ቀኑ መጋቢት 19 ላይ ይውላል። ቀጥዬ የምነግራችሁ ደግሞ ይበልጣል። በተውኔቱ መጨረሻ ከአንቶኒ ጋር የሚዘምተው ወጣት ኦክታቪየስ፣ ኋላ አውግስጦስ የተባለው፣ በልደት የምናነሣው አውግስጦስ ቄሳር ነው። ግብፅን ከያዘ በኋላ የግብፆች አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ጳጉሜን እንዲጨምር የተደረገው በእሱ ዘመን ነው፤ የእኛም ቀመር የወረደው ከዚያው ከእስክንድርያ ነው። ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 በገባ ቁጥር ከዚህ ተውኔት ገጸ ባሕርያት የአንዱን እጅ ሥራ እየኖርነው ነው። የሮም ታሪክ የሩቅ ታሪክ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ያውርድልኝ!

የተጻፈበት ዘመንም ለእኛ ባዶ አይደለም። ቶማስ ፕላተር የሚባል የስዊስ መንገደኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1599 ለንደን ውስጥ የቴምዝን ወንዝ ተሻግሮ፣ የሣር ክዳን ባለው የተውኔት ቤት የቄሳርን ትራጄዲ ማየቱን ጽፎ አቆይቷል። በዚያ ሰሞን በእኛ አገር አፄ ሠርፀ ድንግል አርፈው ሕፃኑ ያዕቆብ ነግሦ፣ መኳንንቱ ማን ከማን ይበልጣል እየተባባሉ ነበር። ለንደንም ወራሽ ያልነበራት ንግሥቷ አርጅታ «ከእሷ በኋላ ማን?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ሁሉ ያስጨንቅ ነበር። የሣር ክዳን ሥር ተሰብስቦ የቄሳርን ሞት ያየ ተመልካች የራሱን ስጋት ነበር የሚያየው።

ወደ መጋቢቱ ቀን እንመለስ። የቄሳር ሚስት ካልፑርኒያ በሌሊት ቅዠት አይታ አትውጣ ትለዋለች፤ የባሏ ሐውልት ደም ሲያፈስ፣ ሮማውያንም እየሳቁ እጃቸውን ሲታጠቡበት አይታለች። ቄሳርም እሺ ብሎ ነበር። ከሴረኞቹ አንዱ ዴሲየስ መጥቶ ያንኑ ሕልም ገልብጦ ይፈታለታል፦ ሮም ከአንተ ሕይወት ታገኛለች ማለት ነው ይለዋል። ጆሮ የሚወደውን ይሰማል! ቄሳር ካባውን አምጡልኝ ብሎ ይወጣል። መንገድ ላይ አንድ ወዳጅ የሴራውን ዝርዝር የያዘ ወረቀት ዘርግቶለት፣ የራስህ ጉዳይ ነውና አስቀድመህ አንብበው ብሎ ይለምነዋል። ቄሳር የራሴ ጉዳይ ከሆነማ የመጨረሻ ይሆናል ይላል። እንዴት ያለ ትልቅ መልስ ነው! የገደለውም ያ ትልቅነቱ ነው። ወረቀቱን ሳያነበው ይወድቃል።

ገና ደሙ ሳይደርቅ ካሲየስ አንድ ነገር ይናገራል። ይህ ያደረግነው ሥራ ገና ባልተወለዱ አገሮች፣ ገና ባልታወቁ ቋንቋዎች ስንት ዘመን በመድረክ ይሠራ ይሆን ይላል። እንጦጦ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳነብ ከታች አዲስ አበባ ተዘርግታ ትታያለች፤ ሼክስፒር ይህን ሲጽፍ ያልነበረች ከተማ! ካሲየስ ስለ እኛ ነበር የሚያወራው።

አሁን ሦስተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ደረስን። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ብሩተስ ሕዝቡ ፊት ይቆማል። በዝርው፣ በተመዘነና በተስተካከለ ቃል ቄሳርን ለምን እንደገደለ ያስረዳል፤ ቄሳርን እወድ ነበር፣ ሮምን ግን አብልጬ ወደድኩ ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። ከመካከላቸው አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ብሩተስን ቄሳር እናድርገው! አንድ ሰው እንዳይነግሥ ብሎ ለገደለ ሰው ዘውድ ማቅረብ! ብሩተስ የተናገረው ሁሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው መውጣቱን በዚች አንድ ቃል አወቅን። እሱ ግን አላወቀም። ብቻዬን ልሂድ ብሎ፣ ሕዝቡን ለአንቶኒ ትቶ ይሄዳል። ካሲየስ አንቶኒ እንዲናገር አትፍቀድ ብሎ አስጠንቅቆት ነበር፤ ብሩተስ ደግነቱ በልጦበት ፈቀደ።

አንቶኒ ይወጣል። የቄሳርን ሬሳ ይዟል። ገዳዮቹን እንዳይከስ ቃል ገብቷል፣ ቃሉንም አይሰብርም። ብሩተስን የተከበረ ሰው እያለ ይጠራዋል፤ ደግሞ ይጠራዋል፤ አሁንም ይደግመዋል። መጀመሪያ ሲለው ምስጋና ነው። ሁለተኛ ሲለው ጥያቄ ነው። አራተኛ ላይ ሲደርስ ስድብ ሆኗል፤ ቃሉ ግን ፊደሉ አልተለወጠም! ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ጆሮ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ይነሣል እንጂ አይቀመጥም።

ቀጥሎ የሚያደርገውን ልብ በሉ። ከሰገነቱ ልውረድ ወይ ብሎ ሕዝቡን ያስፈቅዳል። ይወርዳል። ሬሳውን ክበቡት ይላል። ከዚያ የቄሳርን ካባ ያነሣል። ይህን ካባ ታውቁታላችሁ፣ እኔም ቄሳር መጀመሪያ የለበሰበትን ቀን አስታውሳለሁ ይላል፤ በጋ ነበር፣ ምሽት ነበር፣ ድንኳን ውስጥ ነበር፣ ኔርቪ የሚባሉትን ጠላቶች ድል የመታበት ቀን ነበር። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። ይህን አውቀዋለሁ! በአማራ ገጠር ትልቅ ሰው ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው መሐል ይወጣል፣ ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፣ ለቀስተኛው ይከባል፤ አልቃሿ ልብሱን ከፍ አድርጋ የት ለብሶት እንደዋለ፣ ምን እንደሠራበት በሙሾ ታወርዳለች፣ ያልቀረበው ሰው እንኳ አንጀቱ ተላውሶ ያነባል። አንቶኒ አልቃሽ ነው! ፈረንጆቹ ይህን ትዕይንት የንግግር ጥበብ ማስተማሪያ አድርገው ይወስዱታል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያደገ ሰው ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

ከዚያ ካባው ላይ ያለውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ያሳያል። ይኸው በዚህ የካሲየስ ጩቤ ገባ፣ በዚህ የካስካ፣ በዚህ የሚወደው የብሩተስ። እንዴት አወቀ? ቄሳር ሲወጋ አንቶኒ በቦታው አልነበረም፤ ከሴረኞቹ አንዱ ቀደም ብሎ ወደ ውጭ አውጥቶታል። የድሉም ቀን ቢሆን ታሪክ እንደሚለው አንቶኒ ያኔ ገና ከቄሳር ጦር አልተቀላቀለም። ያላየውን ቀዳዳ በስም ጠርቶ፣ ያልዋለበትን ቀን አስታውሶ ሺህ ሰው አስለቀሰ። እኔም አውቄ፣ እያወቅሁ፣ አነባሁ። የዚህ ተውኔት ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡን ተላላ ብለን እንዳንስቅበት እኛንም አብሮ ያስለቅሰናል።

መጨረሻ ላይ ኑዛዜው ይመጣል። ወረቀቱን ቀደም ብሎ አሳይቶ አላነብላችሁም ብሎ ነበር፣ ለምነውትም ነበር፤ አሁን ያነብላቸዋል። ለእያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ፣ ለሕዝቡ መናፈሻ የሚሆን የአትክልት ቦታ። ሕዝቡ ችቦ ይዞ ይወጣል። በሚቀጥለው ገቢር ያው አንቶኒ ጠረጴዛ ከብቦ ተቀምጦ፣ ያንኑ ኑዛዜ አምጡልኝ፣ ከስጦታው ምን ቀንሰን እንደምናስቀር እንይ ይላል! በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚገደሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ ምልክት ይደረጋል። አንዱ የወንድሙን ሞት ይፈቅዳል፣ አንቶኒ በምላሹ የእኅቱን ልጅ ይሰጣል። ሙሾው ያለቀበት ቦታ ይህ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ታኅሣሥ 1953ን ሳያስብ ያልፋል ብዬ አላምንም። ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ፤ አዋጁ በሬዲዮ በአልጋ ወራሹ ድምፅ ተነበበ። ከዚያ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን ተበተነ። ጥቂት ቀናት ሳይሞሉ ሁሉም አበቃ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በጠመንጃ የተጀመረውን ነገር ከተማው ማንን ሰማ የሚለው ጥያቄም ወሰነው። ብሩተስ ያልገባው ይህ ነበር፤ ቄሳርን መግደል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡን የሚያናግረው ማን ነው?

ከአንቶኒ ንግግር ቀጥሎ ያለው ትዕይንት አጭር ነው፣ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። ሲና የሚባል ገጣሚ በመንገድ ሲሄድ ችቦ የያዙ ሰዎች ያገኙትና ስምህ ማን ነው ይሉታል። ስሜ ሲና ነው ይላል። ከገዳዮቹ መካከል ሲና የሚባል ሰው ነበር። እኔ ገጣሚው ሲና ነኝ ብሎ ይጮኻል። እንግዲያውስ ስለ መጥፎ ግጥምህ ይላሉ፣ ስሙን ከልቡ ነቅለን እናውጣ ይላሉ፣ ይገድሉታል። በስሙ ብቻ! ይህን ገጽ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የ22 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስ ይህን ተውኔት በዘመኑ የፋሺስት ደንብ ልብስ አልብሶ መድረክ ላይ አወጣው፤ የገጣሚው ግድያም ተመልካቹን ትንፋሽ ካሳጡት ትዕይንቶች አንዱ ሆነ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት በየካቲት፣ በእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ እውነተኞቹ ባለ ጥቁር ሸሚዞች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሰውን ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ ሲገድሉ ነበር። ከሮም የመጡ፣ ራሳቸውን የቄሳር ልጆች የሚሉ ሰዎች! ዌልስ ለመድረክ ያዋለው ዓይነት ልብስ እዚህ በከተማችን ደም ነክቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ደም መካከል ደግሞ የተውኔቱ ለስላሳ ልብ አለ። ከጦርነቱ በፊት በአንዲት ሌሊት ብሩተስ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ሚስቱ ፖርሺያ ሞታለች። አሽከሩን ሉሲየስን፣ ገና ልጅ ነው፣ ሙዚቃ ተጫወትልኝ ይለዋል። ልጁ ደክሞታል፤ ሁለት ሦስት ክር ነክቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ዓለም የፈረሰበት ይህ ሰው ምን ያደርጋል? ልጁ ሲያንቀላፋ መሣሪያውን እንዳይሰብረው ብሎ ቀስ አድርጎ ከእጁ ይወስድለታል። ከዚያ መጽሐፉን አንሥቶ ያጠፈውን ገጽ ይፈልጋል። የቄሳር ጥላ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ሻማው ሲደበዝዝ። ቄሳርን የወጋ እጅ የልጅ እንቅልፍ እንዳይረበሽ ሲጠነቀቅ አይቶ ብሩተስን መጥላት የሚችል ይኖራል? እኔ አልቻልኩም።

ጦርነቱ የሚሆነው ፊልጵስዩስ ላይ ነው፤ ኋላ ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ አጠገብ። ካሲየስ ዐይኑ ደካማ ነው። ስለዚህ አሽከሩን ኮረብታ ላይ አውጥቶ የምታየውን ንገረኝ ይለዋል። አሽከሩ ከላይ ሆኖ ወዳጅህ ቲቲኒየስ በፈረሰኞች ተከበበ፣ ተማረከ ብሎ ይጮኻል። ካሲየስ ይህን ሰምቶ በራሱ ሰይፍ ይሞታል። ፈረሰኞቹ ግን የራሳቸው ወገኖች ነበሩ፤ የድል ምሥራች ይዘው ነበር የከበቡት! ተውኔቱን በሐሰት ደብዳቤ የጀመረው ሰው በተሳሳተ ወሬ አለቀ። ሼክስፒር ይህን አያብራራም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ግን እዚህ ጋ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ካሲየስ እንደተናገረው ተውኔቱ በማያውቀው ቋንቋ ሁሉ ተነግሯል። ጁሊየስ ኔሬሬ አፍሪካ አዳራሽ መጥተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር በፈረሙበት በ1955 ዓ.ም. ግንቦት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በዚያው ዓመት «ጁሊየስ ቄሳር»ን በስዋሂሊ ተርጉመው አሳተሙ። አገር የሚመራ ሰው ተውኔት ለመተርጎም ጊዜ አገኘ! ኔልሰን ማንዴላ ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ በሚታየው ኮልፌ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ኋላ በሮበን ደሴት እስር ቤት እስረኞች ደብቀው የሚቀባበሉት አንድ የሼክስፒር ጥራዝ ነበር፤ እያንዳንዱ የወደደው ቦታ ላይ ይፈርም ነበር። ማንዴላ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1977 የፈረሙት ከዚሁ ተውኔት ላይ ነው፤ ቄሳር ፈሪ ከሞቱ በፊት ደጋግሞ ይሞታል፣ ጀግና ግን ሞትን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀምሳል በሚለው ቦታ።

እኛም ለዚህ ባዳ አይደለንም። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን በአማርኛ ሰጥተውናል፤ ሮምን ከአፍሪካ በኩል ቆመው አይተውም «አኒባል»ን ጽፈዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ን፣ «ሐምሌት»ን በአማርኛ አናግረው፣ የእኛ ቋንቋ የሼክስፒርን ክብደት ሳይንገዳገድ እንደሚሸከም አሳይተዋል። እንደ አንቶኒ የሚያለቅሱ ድምፆች አሉን፤ እንደ ብሩተስ የሚያብሰለስሉ ተዋንያን አሉን፤ በለቅሶ ድንኳን የሠለጠነ ተመልካች አለን።

ስለዚህ የመድረክ ሰዎች ሆይ፣ «ጁሊየስ ቄሳር»ን በየመድረኩ አሰሙን፤ የአንቶኒን ትዕይንት በእኛው የለቅሶ ሥርዓት፣ ሬሳውን ከበን፣ ካባው ከፍ ብሎ እንየው። አንባቢዬ አንተም፣ አንቺም፣ እስከዚያ አትጠብቁ። እንግሊዝኛውን አትፍሩት፤ ከሼክስፒር ሥራዎች መካከል ቋንቋው ግልጽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከወዳጅ ጋር ተቀመጡ፣ አንዳችሁ ብሩተስን፣ አንዳችሁ አንቶኒን ያዙ፣ ሦስተኛውን ገቢር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ስትጨርሱ ማንን እንዳመናችሁ፣ ለምንስ እንዳመናችሁት እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።